ስለ ሐረር ከተማና ስለ ቤቶቿ

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያገኘው የደንገጎን ዳገት ነው። ቈላው ከበታች እየቀረ፥ ነፋሱ እየቀዘቀዘ፥ መንገዱም እየተጠማዘዘ ከወጣ በኋላ የዓለማያ ሜዳ ይገለጣል። በዚህ ሜዳ ቀድሞ ሰፊ ሐይቅ ተኝቶበት ነበር፤ ሐረርም የምትጠጣውን ውሃ ከዚያ ትቀዳ ነበር። ሐይቁ ለአትክልትና ለጫት ማጠጫ ያለ ልክ እየተሳበ፥ ከዙሪያው ኮረብታም አፈር እየታጠበ እየገባበት፥ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ጨርሶ ስለ ደረቀ፥ ከተማይቱ ውሃዋን በድሬዳዋ በኩል ካለው ቈላ በቧንቧ ማስወጣት ግድ ሆነባት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ውሃው ተመልሶ መታየት ጀምሯል። ከዓለማያም አልፎ የአወዳይ የጫት ገበያ አለ፤ በዚህ ገበያ ሌሊቱ ከቀኑ አይለይምና መኪና ነጂው በሰው መካከል ቀስ እያለ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ብዙ ሳይሄድ ሐረር ይገባል። መንገዱ በሙሉ ቢለካ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ይህ ዳገት የከተማይቱን ዕድል የለወጠ ስለሆነ ኋላ እንመለስበታለንና፥ አንባቢዎቻችን በልባቸው ያኑሩልን።

ሐረር ዛሬ የሐረሪ ሕዝብ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ይህ ክልል ከኢትዮጵያ ክልሎች ሁሉ በስፋት ያነሰ ሲሆን፥ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የነዋሪው ቊጥር 183 ሺህ ያህል ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግን ሐረር እስከ ኦጋዴን ድረስ የተዘረጋው የሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት መናገሻ ስለ ነበረች፥ ሹም የሚሾምላት፥ ባለጕዳይም ከሩቅ በረሃ በግመል የሚገሠግሥላት ከተማ ነበረች። ከዚያም በፊት የራሷ አሚር፥ የራሷም ገንዘብ ነበራት። ከትልቅ ማዕርግ ወደ ትንሽ ማዕርግ የወረደ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ መልኩ ይጠወልጋል፤ ሐረር ግን እንዲህ አልሆነችም። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ወደን፥ ብዙ ቀን በጠባቡ መንገዷ ስንመላለስ ሰንብተናል።

በመጀመሪያ የሚታየው ግንቡ ነው። ከግንቡ ውጭ ያለውን አዲሱን ከተማ፥ ሰፊ ጎዳናውንና መሥሪያ ቤቱን፥ ሆቴሉንና ሆስፒታሉን፥ በሌላም አገር ስለምናየው ብዙ አናወራበትም። በግንብ የተከበበው ከተማ ጁገል ይባላል። የግንቡ ዙሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል፥ ቁመቱም 4 ሜትር ያህል ነው፤ በውስጡ ያለው መሬት 48 ሄክታር ብቻ ሲሆን፥ በከተማይቱ 82 መስጊድና አዋች የሚባሉ 102 የወሊዮች መታሰቢያ ስፍራዎች ተቈጥረዋል። ግንቡን አሠራ የሚባለው በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ነው። የግራኝ አሕመድ ሚስት ድል ወንበራ፥ ባሏ ከሞተ በኋላ፥ ደሙን ለሚመልስላት ካልሆነ አላገባም ብላ ነበርና፥ እርሱ አገባት፤ በ1551 ዓ.ም. በተደረገውም ጦርነት አፄ ገላውዴዎስ ሞቱ። እኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የተማርነው የዚህን ሰው ስም ከሐዘን ጋር ነበር፤ በሐረር ግን መቃብሩ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው የሚሳለሙት ስፍራ ነው።

የቀድሞዎቹ በሮች አምስት ናቸው፤ እያንዳንዱም በር እንደሚጠራው ሰው ቋንቋ ሌላ ስም አለው። ሐረሪዎች አሱም በሪ የሚሉትን ሌላው ፈላና በር ይለዋል፤ በድሮ በሪ ቡዳ በር፥ ሱቁጣጥ በሪ ሰንጋ በር፥ አርጎብ በሪ ኤረር በር፥ አስማዲን በሪ ሸዋ በር ይባላሉ። ስድስተኛው፥ ለመኪና የሚበቃው ሐረር በር፥ ኋላ የተከፈተ ነው። በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ሲመሽ ይዘጉ ነበር፤ ከገጠር ለገበያ የሚመጣውም ሰው ጦሩን በበሩ አስቀምጦ ይገባ ነበር። ለሰው የተዘጋው ግንብ ግን ለጅብ አልተዘጋም። ከግንቡ እግር ጅብ የሚሾልክበት ቀዳዳ ተትቶለታል፤ ሌሊት ገብቶ በየመንገዱ የተጣለውን አጥንትና ጥራጊ ሁሉ በልቶ፥ ሳይነጋ ይወጣል። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ለጎብኚ ሲባል ጅብን በእጅና በአፍ ሥጋ ማጕረስ በዓለም የታወቀ ትርዒት ሆኗል። ለእኛ ግን ከዚህ ይልቅ ደስ ያሰኘን የዐሹራ ቀን ልማድ ነው፤ በዚያ ቀን ቅቤ የበዛበት ገንፎ ተሠርቶ ለጅቦች ይቀርባል፥ ሽማግሎችም ጅቡ ወዶ መብላቱንና አለመብላቱን አይተው ስለ መጪው ዓመት ይናገራሉ።

የከተማይቱን ታሪክ በአጭሩ እንናገር። በታኅሣሥ 1847 ዓ.ም. ሪቻርድ በርተን የሚባል እንግሊዛዊ ገብቶ፥ 10 ቀን ያህል ተቀምጦ ወጣና ስለ ሐረር መጽሐፍ ጻፈ። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ከተማይቱን ያዘ፤ 10 ዓመት ያህልም ገዝቶ በ1877 ዓ.ም. ለቀቀ። ከዚያ በኋላ የነገሠው አሚር አብዱላሂ የመጨረሻው አሚር ሆነ፤ በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን በጨለንቆ ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር ተዋግቶ ድል ስለ ሆነ፥ ሐረር ለምኒልክ ገባች። አገሩም ኋላ ራስ ለተባሉት ለመኰንን ተሰጠ፤ እርሳቸውም በመጋቢት 1898 ዓ.ም. በቁልቢ እስካረፉ ድረስ 19 ዓመት ያህል ገዙ። ልጃቸው ተፈሪ በ1884 ዓ.ም. በኤጄርሳ ጎሮ ተወልደው፥ የፈረንሣይን ቋንቋ በሐረር ከካፑቺን ሚስዮናውያን ተምረዋል። ራስ መኰንን ከፈረንጅ አገር የመጣውን ጥበብ የሚወዱ ሰው ስለ ነበሩ፥ ጓድሉፕ ከምትባል የባሕር ደሴት የመጣ ቪታልየን የሚባል ጥቁር ሐኪም በሐረር አሠርተዋል። በከተማይቱ ቆሞላቸው የነበረው በፈረስ ላይ የተቀመጡበት ሐውልት ግን በሰኔ 2012 ዓ.ም. በነበረው ሁከት ፈረሰ።

እንግዲህ ወደ ዳገቱ እንመለስ። በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ ለኢልግና ለሸፍኑ የባቡር መንገድ እንዲያሠሩ ሲፈቅዱ፥ ሐዲዱ ከጅቡቲ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ተራራው አስቸጋሪ፥ ወጪውም ብዙ ስለ ሆነ፥ መንገዱ በቈላው እንዲያልፍ ተቈረጠ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ቀድሞ ከጥቂት ጎጆ በቀር ብዙ ነገር ያልነበረበት ድሬዳዋ ደረሰ፤ ለአዲሱም ስፍራ «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ወጣለት። ግሪኩም፥ አርመኑም፥ ህንዱም፥ ዐረቡም መጋዘኑን ወደ ቈላ አወረደ፤ ቡናውና ቆዳው የሐረርን ስም እንደ ያዘ በሌላ በር ይወጣ ጀመር። የጊዜው ነጋዴዎች ይህን እንደ ጥፋት ቈጥረውት ይሆናል። እኛ ግን ባቡሩ ዳገቱን ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፥ ለመጋዘንና ለጣቢያ ስፍራ ሲባል ከግንቡ እኩሌታው በፈረሰ ነበር ብለን እናስባለን። ሀብት ያለፈው ከተማ አሮጌ ግድግዳውን ለማፍረስም ገንዘብ አያገኝም።

ጎብኚ ሁሉ አጥብቆ የሚጠይቀው የፈረንሣዊውን ባለቅኔ የራምቦን ቤት ነው። ይህ ሰው በ1873 ዓ.ም. የንግድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ወደ ሐረር መጣ፤ በመካከሉ እየሄደና እየተመለሰም ቡናና ቆዳ ሲመዝን ከቈየ በኋላ፥ በ1883 ዓ.ም. እግሩን ታሞ በሰው ሸክም ወጣ፥ ከጥቂት ወራትም በኋላ ማርሴይ ላይ ሞተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ያማረ የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት እርሱ ከሄደ በኋላ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። መዝገብ ሲጽፍ ውሎ የሚያመሽ ሰው ሁሉ ለራምቦ ሳያዝንለት አይቀርም፤ ቅኔውን የተወው በልጅነቱ፥ በሐረር የጻፈውም የዕቃ ዋጋ ነበርና።

ሌላም መናገር የሚገባን ነገር አለ። ሐረርን በመጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ከኢጣልያ እጅ ያስለቀቀው ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ የናይጄሪያ ብርጌድ ነው። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ከምዕራብ አፍሪካ፥ ሣርና ጥቂት ዛፍ ከሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ፥ ካኖና ካትሲና ከሚባሉ ከተሞች አካባቢ የመጡ የሐውሳ ሰዎች ነበሩ። እነዚያም ከተሞች በጭቃ ግንብ የተከበቡ፥ ስም የወጣለት ብዙ በር ያላቸው፥ አሚር የሚቀመጥባቸው ናቸውና፥ ወታደሮቹ የሐረርን በር ባዩ ጊዜ አገራቸው ትዝ ሳይላቸው አልቀረም። ዛሬ ከካኖ ግንብ የቀረው ጥቂት ነው፤ የሐረሩ ግን ዙሪያውን ቆሟል።

ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ ወደ ጊዲር መጋላ በሚወርደው መንገድ ሁለት ወገን ልብስ ሰፊዎች ተደርድረዋል፤ መንገዱም ከስፌት መኪናው ድምፅ የተነሣ መኪና ግርግር ተብሏል። ጊዲር መጋላ ትልቁ ገበያ ማለት ነው። በዚያ ሥጋ የገዛ ሰው ዘንቢሉን ከድኖ ካልሄደ፥ ከላይ የሚዞሩት ጭላቶች ወርደው ይነጥቁታል። ከዚህ ገበያ በሁሉም ወገን የሚሄዱት ጠባብ መንገዶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱም ከመጥበቡ የተነሣ ሁለት ሰው ሲገናኝ ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ አይተላለፍም። የእርቅ መንገድ የሚባል አለ፤ የተጣሉ ሰዎች በዚያ ቢገናኙ ሰላም ሳይባባሉ ማለፍ አይችሉም ይላሉ። ግድግዳው ከውጭ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው፤ መስኮት ወደ መንገድ አይወጣም። እንግዲህ ሐረር ከውጭ የምትታይ ከተማ አይደለችም፤ ከውስጥ እንጂ።

የሐረሪ ቤት በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፥ በኖራ የተለሰነ፥ ጣራውም ጠፍጣፋ ነው። በግቢው በር ሲገቡ የዘመዳሞች ቤቶች በአንድ ግቢ ዙሪያ ፊት ለፊት ቆመው ይገኛሉ። ጫማ ወልቆ ወደ ትልቁ ክፍል፥ ወደ ጊዲር ጋር፥ ሲገባ፥ ወንበር የለም፤ ከመሬት ከፍ ከፍ ብለው የተሠሩ፥ ምንጣፍ የለበሱ አምስት መደቦች አሉ፤ እነርሱም ነደባ ይባላሉ። በሩን ፊት ለፊት የሚያየው አሚር ነደባ የቤቱ ጌታና የተከበረ እንግዳ የሚቀመጥበት ነው፤ ቀድሞ ጦሩም ከአጠገቡ ይቆም ነበር። ጊዲር ነደባ ትልቁ፥ ጢት ነደባ ትንሹ ነው። ሱትሪ ነደባ ከሰው ዐይን ገለል ያለው የባለቤቶቹ መኝታ ነው። ከበሩ በስተ ኋላ ያለው ገብቲ ኤሔር ነደባ ደግሞ የመጨረሻው ነው። የግቢ ሥርዐት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ይገረማል፤ አጋፋሪ ሳይቆም፥ ማንም ሳይናገር፥ ገቢው ሁሉ ቦታውን ዐውቆ ይቀመጣልና። ወለሉ በቀይ አፈር የተቀባ ነው፤ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማሰብ ነው ብለው ይነግራሉ።

እኛ የወንጌሉን ምክር አስበን ከበሩ በስተ ኋላ ዝቅ ብለን ብንቀመጥ፥ የቤቱ እመቤት አሮጊቲቱ ሳቁብን። «እዚያ የሚቀመጥ ለመልእክት የመጣ ልጅ ነው፤ እናንተ ወደ ላይ ውጡ» አሉን። እንደ አገሩ ልማድ «አይ» ብለን ጠራናቸው፤ እናት ማለት ነው። ከቡና ቅጠል ተፈልቶ ወተትና ጨው የገባበትን ቁቲ አቀረቡልን። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ከሣርና ከአክርማ የተሰፉ ባለ ብዙ ቀለም ሰፌዶች ከጣራ እስከ ነደባ ድረስ ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱም የየራሱ ስም፥ የየራሱም ቀን አለው፤ ለሠርግ የሚወጣው ለልቅሶ አይወጣም። የሐረር ልጅ ስፌትን የምትማረው ከጓደኞቿ ጋር ተሰብስባ ነው፤ በዚያውም ዘፈኑን፥ ጨዋታውንና የቤት አያያዙን ትማራለች። ከክፍሉ በስተ ጎን ቂርጣት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች፤ ቀድሞ አዲስ ተጋቢዎች የጫጕላ ቀናቸውን በዚያ ተዘግተው ይፈጽሙ፥ ምግባቸውም በመስኮት ይገባላቸው ነበር። ከበሩ በላይ ባለው እንጨት ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከተቀመጠ፥ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው፤ ሽማግሌ ሊልክ የሚወድ ሰው ምንጣፉን አይቶ ያውቃል።

ከፍ ብሎ በተሠራ ስፍራ ላይ ደግሞ አፍላላ የሚባሉ፥ የተሰፋ ክዳን የደፉ ጥቁር ገንቦዎች ተደርድረዋል፤ ወርቁም፥ ወረቀቱም፥ የቤት ውሉም በዚያ ይቀመጥ ነበር። በሙያችን ምክንያት ይህ እጅግ ደስ አሰኘን። በ19ኛው መቶ ዓመት የሐረር ቃዲዎች የቤትና የመሬት ሽያጩን፥ ውርሱንም በመዝገብ እያስጻፉ ያኖሩ ነበር፤ ከመዝገቦቹም ዛሬ ድረስ የተረፉ አሉ። በሕይወቱ ዘመን ብዙ የብራና ጽሕፈትና የአሚሮቹን ገንዘብ ያሰባሰበው የሸሪፍ ሙዚየም ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ይገኛል፤ መጻሕፍት የሚወድ ሰው ሳያየው እንዳይመለስ እንመክራለን።

ይህ ሁሉ የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ያለ ሰው አይቆምም። የሐረሪ ሰው ሠርግና ልቅሶ የሚያልፈው አፎቻ በሚባለው ማኅበር ነው፤ ለወንዶች የራሳቸው፥ ለሴቶችም የራሳቸው አለ። አፎቻ በሰው ቊጥር ይጸናልና ሰው ሲጐድልበት ይደክማል። ሰውም ጐድሏል። በ1940 ዓ.ም. ኩሉብ በተባለው የፖለቲካ ጕዳይ ብዙዎች ታስረው፥ ንብረታቸውም ተይዞ ስለ ነበር፥ ያን ጊዜ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላ አገር የተሰደደው ብዙ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን በከተማይቱ ዙሪያ የነበረው የቡናና የፍራፍሬ እርሻቸው ከእጃቸው ወጣ፤ በዚያው ዓመት በአዋጅ ቊጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስም፥ የዘመዳሞች የነበረው ግቢ ለማይተዋወቅ ተከራይ ተከፈለ። እንግዳው ተከራይ በደል ሠራ አንልም፤ እርሱም ማደሪያ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ነደባ የነበረው ስፍራ በግድግዳ ተቈርጦ ሁለት ሦስት ክፍል ሲሆን፥ የቤቱ ሥርዐት አብሮ ይቈረጣል። ዛሬ ከግንቡ ውስጥ ይልቅ ከግንቡ ውጭ፥ በአዲስ አበባ፥ በዐረብ አገር፥ በካናዳና በአሜሪካ የሚኖረው ሐረሪ ይበልጣል።

ዓለም ይህን ዘግይቶም ቢሆን አስተውሏል። ዩኔስኮ ጁገልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፎታል፤ ከሮመዳን በዓል በኋላ የስድስት ቀን ጾም ተጾሞ የሚከበረውን የሹዋሊድ በዓልም በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰሰው ቅርስ መዝገብ ጽፎታል። ግንቡና በሮቹ ታድሰው ያማሩ ናቸው። ግን ግንብ መንግሥት ያድሰዋል፤ ቤት የሚያድሰው ባለቤቱ ነው። የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ በየዓመቱ ኖራ ካልተቀባ፥ ጣራውም ካልተደመደመ፥ ክረምቱ ይገባበታል። አሮጌውን ሥራ የሚያውቅ ግንበኛ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ሲሚንቶ ግን በየሱቁ አለ። ቅርስ ነው ተብሎ የተጻፈውን ቤት በሲሚንቶ መሥራት ሲከለከል፥ በጭቃ ለመሥራት ደግሞ ገንዘቡ ሲያጥር፥ ባለቤቱ በሁለት መካከል ይቀራል። ይህን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ግንቡን ለማደስ ያሳየውን ትጋት ለቤቶቹም ቢያሳይ፥ ይልቁንም የኖራውንና የግንበኛውን ወጪ ቢጋራ፥ መልካም ይሆናል እንላለን።

አሮጊቲቱን ስለ ልጆቻቸው ጠየቅናቸው። አንዱ አዲስ አበባ፥ ሁለቱ ቶሮንቶ ናቸው፤ ከእርሳቸው ጋር አድጋ የነበረችው የልጅ ልጃቸውም ወደዚያው ለትምህርት ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል። ኖራውን በየዓመቱ ከበዓል በፊት የሚያስቀቡት ከዚያ በሚላክላቸው ገንዘብ ነው። ከበሩ በላይ ወዳለው ምንጣፍ ብንመለከት አይተውን፥ «እርሷ ስትሄድ አውርጂው አሉኝ፤ ለምን አወርደዋለሁ? ቤቷ እዚህ ነው» አሉ። ስንወጣ ምንጣፉ አቧራው ተራግፎ፥ እንደ ተጠቀለለ ከእንጨቱ ላይ ነበር።